የጋለ ምጣድ ወረፋ

በግቢያችን ዘጠኝ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖር ነበር። ግቢው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነበር። ትልቁ ቤት ፊት ለፊት፣ ትንንሾቹ ክፍሎች ከጀርባው ተደርድረው፣ መሐል ላይ አንድ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የጋራ ማድ ቤት። ቆጣሪው የተሰቀለው በትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ ስለነበር የመብራት ነገር በዚያ ቤት እመቤት እጅ ነው። ልጅ አዋቂው «እማማ» ይላቸዋል። ቢል ሲመጣ እማማ በርጩማቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ጥጋጥጉ የተበላ ደብተራቸውን ገልጠው ሂሳቡን ያከፋፍላሉ። የሚከፈለው በአምፖል ነው። አንድ አምፖል ያለው አንድ ድርሻ ይከፍላል፤ ሬድዮ ያለው ትንሽ ይጨምራል፤ በኮረንቲ የሚተኩስ ካለም ከእማማ ጋር ተነጋግሮ ይስማማል። ብዙው ሰው ግን የከሰል ካውያ ነበረው።

ሁለተኛ አምፖል መስቀል እንግዲህ ትልቅ ውሳኔ ነበር። የእኛ ቤት በኮምፔርሳቶ ለሁለት የተከፈለች አንድ ክፍል ናት። አባቴ ከኮምፔርሳቶው አናት ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አውጥቶ አምፖሏን እዚያ ላይ ሰቀላት። 40 ዋት ነበረች። ግማሽ ብርሃኗ ለሳሎን፣ ግማሹ ለመኝታ። አንደኛው ወገን መተኛት ሲፈልግ ሌላው ማጥናት ከፈለገ፣ በመኝታው በኩል ያለውን ቀዳዳ እናቴ በነጠላ ትሸፍነዋለች። ከጎናችን የነበሩት ባልና ሚስት ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ከሚኖሩት አሮጊት ጋር አንዲት አምፖል ይጋሩ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያው ያለው በባልና ሚስቱ በኩል ነው። አሮጊቷ የማታ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ግድግዳውን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጋሉ፤ ያኔ ይጠፋል። ከዚያ በፊት አጥፍተውባቸው አያውቁም።

አንድ ሰው ተደብቆ ምድጃ ከሰካ ግቢው ወዲያው ያውቃል። በየቤቱ ያለው አምፖል ይደበዝዛል። እማማ በራቸውን ከፈት አድርገው «ማነው የሰካው? ኧረ ንቀሉ፣ ፊውዙ ሊቃጠል ነው!» ይላሉ፣ ጨለማውን እያዩ። መልስ የሚሰጥ የለም፤ ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ ይፈካል። እማማ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፤ ግን ስም ጠርተው አያውቁም። በነጋታው የሰካችው ሴት ራሷ ትመጣና «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ልጁ ሲያተኩስብኝ ወተት ላሞቅለት ብዬ ነው» ትላለች። «አንቺ ልጅ፣ ከእኔ ከሰል ላይ አትጥጂም ነበር?» ይሏታል። ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

የእማማ ስስት እንዳልነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ታሪፉን ሳውቅ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ በቆየው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ግድም ነበሩ፤ ፍጆታው እየጨመረ ሲሄድ ዋጋውም እየጨመረ፣ ከ500 በላይ ሲሆን 69 ሳንቲም ይደርስ ነበር። ዝቅተኛው ዋጋ የተቀመጠው ለድሃው ታስቦ ነው። ዘጠኝ ድሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠራቀም ግን ቆጣሪው የሚመዘግበው እንደ አንድ ብዙ የሚበላ ቤት ነው። ለድሃ የታሰበው ዋጋ እኛ ዘንድ የሚቆየው የወሩ መጀመሪያ ቀናት ላይ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዓይነት የኖረው ሰው ብዙ ነው፤ አሁንም የሚኖር አለ።

እንጀራ በኮረንቲ መጋገር ስለዚህ አይታሰብም። ማድ ቤቱ ውስጥ በጉልቻ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትልቅ ምጣድ ነበረች፣ የሁሉም። ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ እናቶቻችን ቡሃቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ። የእነሱ ሥርዓት ከማንኛውም የቁጠባ ምክር ይበልጥብኛልና ጠጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ምጣድ እስኪግል ብዙ ማገዶ ይበላል። መጀመሪያ የምትገባው ሴት ያንን ሁሉ ማገዶ ከራሷ ታነዳለች፤ ማሟሻው፣ የመጀመሪያው የማያምር እንጀራ፣ የእሷ ነው። ሁለተኛዋ የጋለ ምጣድ ታገኛለች። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ጉልቻው ራሱ ስለሚግልላቸው ጭራሮ ጣል ጣል እያደረጉ ይጨርሳሉ። የመጨረሻዋ ደግሞ ምጣዱም ፍሙም ይቀርላታል፤ ገብስ ትቆላበታለች፣ ለሽሮ የሚሆን አተር ታምስበታለች፣ ባቄላ የተዘፈዘፈበትን ድስት ፍሙ ላይ ጥዳ ትወጣለች። ስለዚህ ወረፋው በየሳምንቱ ይዞራል። ዛሬ ያጋለችው በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻዋ ሆና ትገባለች። አራስ ቤት ወይም ሐዘን የተቀመጠ ቤት ካለ ግን ከወረፋው ውጪ መሐል ላይ ነው የሚገባው፤ ማገዶ ስጡ ተብለውም አይጠየቁም። ይህን የጻፈው ሰው የለም፣ የዳኘውም የለም። ሆኖም አንድ ቀን «ሁልጊዜ የማግልላችሁ እኔ ነኝ» የሚል ጠብ ተነስቶ አላየሁም።

ማገዶው ምን ነበር? ቅጠሉንና ጭራሮውን ከእንጦጦ ጫካ ለቅመው፣ በጀርባቸው አጎንብሰው የሚያወርዱት እናቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ተገዝቶ እጅ በእጅ ሰፈራችን ይደርሳል። እንጨት ውድ ሲሆን ደግሞ ሰጋቱራ አለ። ወደ ተክለ ሃይማኖት በኩል ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ማዳበሪያ ይዘን የምንላከው እኛ ልጆች ነን። ሰጋቱራ ሲገዛ እጅ ወደ ማዳበሪያው ሰድዶ መጨበጥ ያስፈልጋል፤ ጨብጠው ሲለቁት ከተበተነ ደረቅ ነው፣ ተድበልብሎ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ጭስ ብቻ ነው።

የሰጋቱራ ምድጃ ከሥሩ ጎኑ የተበሳ ትልቅ ቆርቆሮ ነው። እናቴ መሐሉ ላይ ባዶ ጠርሙስ ታቆማለች፤ በጎኑ ቀዳዳ ደግሞ አንድ ድቡልቡል እንጨት አግድም አስገብታ የጠርሙሱን ሥር ታስነካዋለች። ከዚያ ሰጋቱራውን በጠርሙሱ ዙሪያ እየጨመረች በሙቀጫ ዘነዘና መጠቅጠቅ ነው። «ጠበቅ አድርገሽ ጠቅጥቂው፣ ላላ ካለ ይናዳል» ትለኛለች። ከሞላ በኋላ ጠርሙሱን ቀስ ብላ እያዟዟረች ትመዘዋለች፣ እንጨቱንም እንዲሁ። መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ከታች ወደ ጎን የሚታጠፍ የአየር መንገድ ይቀራል። ላምባ የነካች ቁራጭ ጨርቅ በጎን ቀዳዳው ትለኩሳለች። በደንብ ከተጠቀጠቀ እሳቱ ከመሐል ወደ ዳር እየበላ ለብዙ ሰዓት ሳይነካካ ይነዳል፤ ባቄላው ይበስላል፣ ወጡ ይሠራል፣ የልጆች ገላ መታጠቢያ ውሃም ይፈላል። ለእንጨት ቤቱ ቆሻሻ ነበር፤ ለእኛ የሦስት ድስት ማብሰያ።

አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ ምክንያት ልትለቀቅ የነበረች ከተማ መሆኗን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ የነበረው ጫካ እያለቀ ሲሄድ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያቆያት በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም እንደገና ያቆጠቁጣል። እናቴ ይህን ስነግራት ብዙም አልደነቃትም። «እንግዲህ እሳት የሌለበት አገር ምኑን አገር ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ላምባ ሌላው ነገር ነበር። ለክረምት፣ ለችኩል ቀን፣ ለእንግዳ። የላምባ ምድጃ ፈትሉ በእኩል ካልተቆረጠ ያጨሳል፣ ድስት ያጠቁራል፣ ላምባም ይጨርሳል፤ እናቴ እሑድ እሑድ ፈትሉን በመቀስ ታስተካክላለች። ላምባ የጠፋ ሰሞን ማደያ በር ላይ ጀሪካን በገመድ ተያይዞ ይሰለፋል፤ ባለቤቱ ቁርሱን በልቶ ቢመለስም ተራውን የሚነካበት የለም። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ነዳጅ በጨመረ ጊዜ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ከተማው እንዴት እንደተናወጠ አባቴ ይተርክልን ነበር። ዓለም በነዳጅ ስትታመም ልደታ ያለች እናት ፈትል በመቀስ ታስተካክላለች፤ እኔ የዓለምን ኢኮኖሚ መጀመሪያ የተማርሁት ከዚያ መቀስ ነው።

እናቴ አንድ እሳት ላይ አንድ ድስት ብቻ ተጥዶ ካየች ቅር ይላታል። ምስር ሲፈላ በክዳን ፋንታ ውሃ የሞላ ሳህን ትደፋበታለች፤ ምስሩ እስኪበስል ውሃው ለብ ይላል፣ ዕቃ ይታጠብበታል። ጥራጥሬ ሳይዘፈዘፍ አያድርም። ሻይ በቀን አንዴ ይፈላል፣ የቀረው በፔርሙዝ ይቀመጣል። ፀሐይ በወጣ ቀን ጀሪካኑ ውሃ ተሞልቶ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ የሕፃን ገላ ይታጠብበታል። ቡናው ሦስተኛው በረካ ሲወጣ ከምድጃው የተረፈውን ፍም ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። ጠዋት ስትገልጠው ቀይ ነው። የእኛ የጠፋ እንደሆነ በገል እሳት ልጭር ጎረቤት እላካለሁ፤ ጎረቤትም እኛ ቤት ይልካል። ክብሪት በግቢያችን ቶሎ አያልቅም ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚበስል ስለሌለ፣ ለአዋቂዎቹ ማታ አንዴ ነው እሳት የሚነደው፤ የላምባውም የከሰሉም ዕድሜ ይረዝማል።

በ1980ዎቹ ላቀች የምትባለው የከሰል ምድጃ መጣች። ውስጧ ሸክላ፣ ውጪዋ ቆርቆሮ፤ ሙቀቱን ሸክላው ስለሚይዝ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች ተባለ። እናቴ ዋጋዋን ሰምታ ለጊዜው ተወችው። አንድ ጎረቤታችን ገዝታ ስታመጣ ግን የግቢው ሴቶች ተሰብስበው ከሰሉን ቆጥረው በሁለቱም ምድጃ እኩል ውሃ አፈሉ። ከዚያ በኋላ ላቀች የሌለው ቤት አልቀረም። በዚያው ሰሞን ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃም ወጣ፤ ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሹን ያህል ያድናል። የእኛ ማድ ቤት ጠባብ ስለነበረች አልገባላትም፤ ያስቆጨኛል፣ ምክንያቱም የሚቀንሰው ማገዶ ብቻ ሳይሆን ጭስም ነበር።

ስለ ጭሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያ ዘመን ይመለስ የሚል ሰው ማድ ቤቱ ውስጥ አልገባም። እናቶቻችን ቅዳሜ ማታ ዓይናቸው ደም መስሎ ነው የሚወጡት። እማማ በመጨረሻ ዕድሜያቸው ሳል አልለቀቃቸውም ነበር። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ የምትጋግር ሴት ጭሱን ለሁለት ትተነፍሰው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ያኔ ቆጠብን የምንለው ሳንቲም ከፊሉ የተከፈለው በእነዚያ ሴቶች ሳንባ ነው። እኔ ከዚያ ዘመን የምፈልገው ወረፋውን ነው፤ ጭሱን አይደለም።

በዓመት አንድ ቀን ግን እሳቱ ከማድ ቤት ወደ አደባባይ ይወጣ ነበር። የግንቦት ልደታ ዕለት። ግቢው ሁሉ ከየቤቱ ስንዴውን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውን አዋጥቶ በአንድ ትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ ይቀቀላል፣ ደጅ ላይ፣ በአንድ እሳት። ቡናውም እዚያው ነው። በደብሯ ሥር ለምንኖር ለእኛ ልደታ ትልቅ በዓላችን ናት። ማን ስንት እፍኝ ስንዴ እንዳመጣ የሚቆጥር የለም፤ በላተኛውም መንገደኛውን ሁሉ ይጨምራል።

ግቢያችን የፈረሰው በ2001 እና 2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ያ ሰፈር በሙሉ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ። ጎረቤት ተበታተነ፤ ጀሞ የሄደም አለ፣ ከዘመድ የተጠጋም አለ። እማማ ያንን አላዩም፣ ቀድመው አርፈዋል። እኛ ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያው በልደታ በተሠራው ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልን። እናቴ ቁልፉን ተቀብላ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ክፍሉን አይደለም፣ ቆጣሪውን ነው። የራሷ ቆጣሪ። በጣቷ ነካ አደረገችው። ዕድሜ ልኳን በሰው ቆጣሪ የኖረች ሴት ናትና ደስታዋ ሊገባኝ ይችላል፤ በጋራ ቆጣሪ ያጣችውን የ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ያን ቀን አገኘች።

የካርድ ቆጣሪ ስለሆነ ገንዘቡ ሲሞላ ቁጥሩ ይታያል፣ ሲጠቀሙም ይወርዳል። እናቴ ማታ ማታ ቁጥሩን እያየች ደብተር ላይ ትጽፍ ጀመር፣ ልክ እንደ እማማ። ከዚያ ደብተር ነው ገንዘባችን የሚሄደው ወዴት እንደሆነ የተማርነው። እኛ ልጆቿ ስለ አምፖል ስንነታረክ ኖረናል፤ ደብተሩ ግን በግልጽ የሚያሳየው ቁጥሩ ወርዶ የሚያድረው እንጀራ የተጋገረ ቀን መሆኑን ነው።

ነገሩን በሂሳብ ማየት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ብንል፣ በሁለት ሰዓት ጋገራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የድሮው 60 ዋት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ ያንን ለመጨረስ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። 9 ዋት የሆነው የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ደግሞ አምስት ወር። መብራት ኃይል በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌውን አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢውን በነጻ ሲያድል በአገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ተለውጧል፤ ጠቅሟልም። ከዚያ በኋላ ግን ከአምፖል የሚገኘው ቁጠባ እያለቀ ነው። የቀረው ምጣዱ ላይ ነው። ሰው ከክፍል ሲወጣ ልጁን «መብራት አጥፋ!» እያለ ሲቆጣ እሰማለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ልማዱ ይኑር። ነገር ግን በዚያው ቤት ምጣዱ ሊጡ ሳይደርስ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ሲግል ይቆያል።

ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በየፎቁ፣ በየበሩ፣ በአንድ ሰዓት ምጣድ ይሰካ ነበር። አምፖሉ እንደ ድሮው ይደበዝዛል። አሁን ግን ማነው የሰካው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ሰክቷል። ሁሉም የየራሱን ምጣድ ከቀዝቃዛ ጀምሮ ያግላል። በአንድ ደረጃ ላይ አራት በር ካለ፣ አራት ማሟሻ ማለት ነው።

ይህ የተለወጠው በግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆነ። የመብራቱ ሰዓት አጭር ነው፤ ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፣ ይሆመጥጣል። አንድ ማታ መብራት ሲመጣ፣ ከፊት ለፊታችን ያለችው ወጣት እናት በር አንኳኳች። «እማማ፣ ሪዚስታንሱ ተቃጥሎብኛል፣ ሊጤ ሊበላሽ ነው። ሲጨርሱ በእርስዎ ምጣድ ልጋግር?» እናቴን ነው እማማ ያለቻት። «ግቢ ልጄ፣ እንዲያውም ግሎልሻል» አለቻትና ወንበር ሳበችላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፎቃችን ሦስት ቤት በአንድ ምጣድ ይጋግር ጀመር። አራተኛው ቤት ከጋጋሪ ይገዛል። ይህንንም አልነቅፈውም፤ ቀኑን ሙሉ የምትጋግር ሴት ምጣዷን አንዴ አግላ ለብዙ ቤት ታደርሳለች፣ በኮረንቲ ዓይን ካየነው ከወረፋችን የተለየ አይደለም።

የእኛ ወረፋ እስካሁን አለ። ምጣዱ በየሳምንቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ የየቤቱ ካርድ በየተራው ይሠራል፣ ሂሳብ መካፈል አያስፈልግም። ሊጡ አጠገብ ተዘጋጅቶ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ አክምባሎው ሁሉ ከቀረበ በኋላ ነው ምጣዱ የሚሰካው። የመጨረሻዋ ሁለት እንጀራ ሲቀራት ሶኬቱን ትነቅላለች፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ሁለቱ በደንብ ይበስላሉ። ከዚያ በኋላ ቆሎ ይቆላበታል። ሸክላው ለመጋል ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈልግ፣ በአንድ ማሟሻ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይሄዳል። ሦስት ቤት በአንድ ሙቀት ሲጋግር የሁለቱ ማሟሻ ይተርፋል። ፍጆታው ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ወሰን ከፍ ዝቅ ለሚልበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም፤ ወሰኑን ሳያልፍ የሚያልቅ ወር የቤት ወጪ ላይ ይታያል።

ዋጋው ደግሞ ቆሞ አይጠብቀንም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ጭማሪ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ ተተገበረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ወጥቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ እናቴ በመሶብ ሥር ካጠራቀመችው ገንዘብ ቦንድ ገዝታ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከጎረቤት ጋር ሆነን በቴሌቪዥን አየን፣ እናቴ አለቀሰች። 5,150 ሜጋ ዋት ትልቅ ኃይል ነው፣ የእኛም ነው። ሆኖም ኃይል መብዛቱ የቤታችንን ቢል አልቀነሰውም፣ እስከ ታሪፉ ማብቂያም የሚቀንሰው አይመስልም። ስለዚህ ድሃው ቤት ማድረግ የሚችለውን አሁን ማድረግ አለበት፤ ደግሞም ብቻውን ከሚያደርገው ይልቅ ከጎረቤቱ ጋር የሚያደርገው ይበልጥ እንደሚያድነው በዚሁ ሰፈር ታይቷል።

ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ በየግቢው ለጋራ አገልግሎት የሚሆን ቤት፣ ኮሚናል የምንለው፣ አብሮ ተሠርቷል። ለድግስ፣ ለተዝካር፣ ለእርድ፣ ለማብሰያ የታሰበ ነው። በብዙ ቦታ ተቆልፎ የተቀመጠ ወይም ለሌላ ነገር የተከራየ አለ። የነዋሪ ማኅበር ኮሚቴ አባላት ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ከዚያ ቤት አንዷን ክፍል ለመጋገሪያ ክፈቱልን። ሁለት ምጣድ፣ አንድ የራሱ የካርድ ቆጣሪ፣ ግድግዳ ላይ አንድ የወረፋ ወረቀት ይበቃል። ከነባር ሰፈር እየተነሳ በአዲስ ቤት የሚሰፍር ሕዝብ ዛሬም ብዙ ነውና፣ አዲስ ቤት የምትነድፉ መሐንዲሶችም ይህችን ክፍል ከሥዕሉ አታስቀሯት። እስከዚያው ድረስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምጣዳችሁን ከመሰካታችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ሊጥ እንዳላት ጠይቋት።